አንዲት የግሪክ ቃል ያስቸገረችኝ ወር

ባለፈው እሑድ ሉቃስ 22፥19ን፣ ጌታ እንጀራውን ቆርሶ «ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት» ያለበትን፣ አማርኛውን ሳላይ በግሪክኛ አነበብኩት። ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከአራት ወሬ ነው። ደስ ስላለኝ ለእናንተ ካልነገርኩ አልችልም ብዬ ነው።

ፊደሉ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የስሙን እርባታ በግድ ሸመደድኩት። ግሡን አትጠይቁኝ። ቃላት የማጠናው ከመድኃኒት ካርቶን በቆረጥኳቸው ካርዶች ነው፤ ባጃጅ ውስጥም ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬም አገላብጣቸዋለሁ። የስልኩን መተግበሪያ ሞክሬ ተውኩት። እጄ ያልጻፈውን ጭንቅላቴ አይዝም። ግሪክኛውን በእኛ ፊደል ጽፎ ማጥናት ደግሞ ራስን ማታለል ነው። (ሦስት ወር እንደዚያ ነው ያጠናሁት።)

እንግዲህ ያቺ ካርድ። ፊቷ «አናምኔሲስ»፣ ጀርባዋ «መታሰቢያ»። በአዲስ ኪዳን ያለችው አራት ቦታ ብቻ ነው፦ ሉቃስ 22፥19፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥24 እና 25፣ ዕብራውያን 10፥3። ችግሩ፣ «ምኔሞሲኖን» የምትለዋም ካርድ ጀርባዋ «መታሰቢያ» ነው። ሽቶ ያፈሰሰችው ሴት ታሪክ (ማቴዎስ 26፥13) እና የቆርኔሌዎስ ጸሎትና ምጽዋት (ሐዋርያት ሥራ 10፥4) ላይ ያለችው እሷ ናት። ሁለቱ ሁሌ ይምታቱብኛል።

ከዚያ ብልጥ ልሁን አልኩ። «አና» እንደገና ነው፣ የቀረው ማስታወስ ነው፣ ስለዚህ «ደጋግሞ ማስታወስ» ነው ብዬ የቤት ለቤት ጥናታችን ላይ በልበ ሙሉነት አስተማርኩ። ግሪክኛ የተማሩ አንድ ታላቅ ወንድም እስክጨርስ ጠበቁኝና «ቃል እንደ ዶሮ አይበለትም፤ ሌላ ቦታ ገብቶ ሲሠራ እየው» አሉኝ። አፈርኩ።

ሄጄ አየሁ። ዕብራውያን 10፥3 በየዓመቱ በሚቀርበው መሥዋዕት የኃጢአት «አናምኔሲስ» አለ ይላል። ሰውየው ጥፋቱ ትዝ አለው ብቻ አይመስለኝም፤ መሥዋዕቱ ራሱ ነገሩን እንደገና ፊት ያወጣዋል። በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ደግሞ ዘሌዋውያን 24፥7 ላይ ቃሏ ያለችው በእግዚአብሔር ፊት ከሚደረደረው ኅብስትና ከዕጣኑ ጋር ነው። ገበታ ላይ ናት ማለት ነው። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለችም።

ቁርጥ ብሎ የገባኝ ግን ጎረቤታችን እማማ የባለቤታቸውን ተዝካር ያወጡ ቀን ነው። ድንኳን ስተክል አረፈድኩ። ማንም «እስቲ ቁጭ ብለን እናስታውሳቸው» አላለም። ወጡ ወጣ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ደጅ የነበሩት ነዳያን ገብተው በሉና «ነፍስ ይማር» አሉ። አብሮኝ ውኃ የሚቀዳው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ካርዷን አይቶ ምንድን ነው አለኝ። ስነግረው ሳቀ። ቅዳሴው ላይ በግዕዝ «ተዝካረ ዚአየ ግበሩ»፣ ማለትም «የእኔን ተዝካር አድርጉ» ይባላል አለኝ። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ በየወሩ የጌታን እራት በትንሿ ብርጭቆ ስጠጣ ዓይኔን ጨፍኜ መስቀሉን ለመሣል ነበር የምታገለው። ጄሪካኑን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ጓደኛዬ «ተዝካር እኮ ለሞተ ሰው ነው፣ ጌታ ሕያው ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ልክ ነው። ጳውሎስም ወዲያው «እስኪመጣ ድረስ» ይላል። ስለዚህ ካርዷ ጀርባ ላይ «ተዝካር» ብዬ በእርሳስ ነው የጻፍኩት፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር። «መታሰቢያ»ን ግን ሰርዣለሁ። እሱን ሳይ ሐውልት ነው የሚመጣብኝ።

ምክር ካላችሁኝ፣ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችሁ በፊት ቃሉ ያለበትን ቦታ ሁሉ አንብቡ። አራት ቦታ ምን አላት! ግሥም አጥኑ። እኔን አትዩ። ያን እሑድ አነበብኩት ያልኳችሁ ጥቅስ ውስጥ «ፖይኤይቴ» የሚል ግሥ አለ። ቅርጹን ብቻ ካያችሁት «ታደርጋላችሁ»ም «አድርጉ»ም ሊሆን ይችላል። እኔ «አድርጉት» ብዬ ያለፍኩት ከልጅነቴ ጀምሮ በአማርኛ በቃሌ ስለማውቀው ነው። ካርድም የለውም።