ልባቸው ያላረፈው ጥበቃ

ስለቴ ነው። «ይሄን ካሳለፍከኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር፣ አሳልፎኛል፣ ስለዚህ ልመስክር።

በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወንጀል ችሎት ዳኛ ነኝ። ሰው ዳኛ ሲባል መኪና፣ ሹፌርና አጃቢ ይታየዋል። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ በታክሲ እመጣለሁ፣ ከታክሲው ወዲያ በእግሬ ነው፣ መንገዱ ላይ መብራት አንዳንዴ አለ፣ ብዙ ጊዜ የለም። ቤተክርስቲያን ሉቃስ 18 በተነበበ ቁጥር፣ ያ እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰውንም የማያፍር ዳኛ ሲነሳ፣ እናቴ ዞር ብላ ታየኛለች። ፈገግ እያለች ነው፣ ግን ታየኛለች።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐምሌ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 የክረምት እረፍት ስለሚወጣ ሐምሌ የሩጫ ወር ነው፤ ምስክር ተሰምቶ ያለቀ መዝገብ ሁሉ ውሳኔ ይፈልጋል። አንዱ መዝገብ የአታላይነት ክስ ነበር፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692። ከከተማ ዳር ያለ መሬት በሐሰተኛ ሰነድ ተሽጧል ነው ነገሩ። ከተበዳዮቹ አንዷ አረብ አገር ሠርታ ያጠራቀመችውን በሙሉ ያስረከበች ልጅ ናት። የመከላከያ ምስክሮች ተሰምተው ለፍርድ ቀጥሬአለሁ።

ያን ሰሞን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሰውዬው አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ልጄ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ጠራልኝ፣ ከታክሲ የምወርድበትን ቦታ ነገረኝ፣ «አስቢበት እህቴ» ብሎ ዘጋ። እህቴ ብሎኝ እርፍ!

ለኃላፊዎቼ አመለከትኩ፣ ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ላይ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ነገር አይመራም ይላል። ደስ የሚል አንቀጽ ነው፣ ማታ ከታክሲ እስከ ቤት ግን አብሮኝ አይሄድም። ከመዝገቡ ልነሳ ብዬም አሰብኩ፣ በቂ ምክንያት ያለው ዳኛ መነሳት ይችላል። ግን እኔ ብነሳ መዝገቡ ለሌላ ዳኛ ይደርሳል፣ ደዋዩም የሌላውን ስልክ ይፈልጋል እንጂ ሥራ አይፈታም፣ ያቺ ልጅም ቀጠሮ ስትቆጥር ትከርማለች። ስለዚህ ጸሎቴ «መዝገቡን ውሰድልኝ» ሳይሆን «ፍርሃቱን ውሰድልኝ» ሆነ። ከቤት ሰው የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው፣ እሱም ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር። እናቴን ማስጨነቅ አልፈለግኩም፤ እሷ እንደሆነች ሳይነገራትም ዳዊቷን ስትደግም ስሜን አትዘልም።

ፍርሃቱ ወዲያው አልሄደም። ሌሊት መኪና በቆመ ቁጥር እባንን ነበር።

አንድ ማታ ዝናብ እየጣለ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከታክሲ ስወርድ የብሎካችን ጥበቃ ዱላና ባትሪያቸውን ይዘው ፌርማታው ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸው በስብሷል።

«ምነው አባባ፣ በዚህ ዝናብ?»

«እኔንጃ ልጄ፣ ልቤ አላርፍ አለኝ።»

ሌላ ነገር አላሉም። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፣ ነግሯቸው ይሆን ብዬ። እሱ ስልካቸው እንኳን የለውም። በማግስቱም መጡ፣ እስከ ፍርዱ ቀን ድረስ በየማታው መጡ። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ወጣትነታቸው እያወሩ ያደርሱኛል። እኔም አንድ ቀን ወደኋላዬ ሳልዞር እየሳቅኩ ደጄ ደረስኩ። ፍርሃቱ የትኛው ማታ ላይ ጥሎኝ እንደሄደ አላውቅም።

ፍርዱን ሳነብ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ተከሳሹን ጥፋተኛ ነው አልኩ። ማስረጃው የሚያሳየው እሱን ነበር፤ ባይደወልልኝም ያው ነበር የምለው። ያ ደዋይ ሁለተኛ አልደወለም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ፖሊስ ስለገባበት ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል፣ እግዚአብሔር በፖሊስም ይሠራል። አባባን በዚያ ዝናብ ያወጣቸው ግን ፖሊስ አይደለም።

ለእንቁጣጣሽ አዲስ ጋቢ ይዤላቸው ሄድኩ። መርቀው መርቀው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እኔም አገር ቤት ከወንድሜ ጋር የመሬት ክርክር አለችኝ፣ እስቲ አንድ ቃል…» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ዳኛ ስለሆንኩ ማማከር እንደማልችል ነገርኳቸውና ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበትን ቦታ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ጋቢውን ግን እዚያው ለበሱት።