ለጣሪያ እጥበት የሚበረክት ፓምፕ ፍለጋ፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። ጣሪያ እጥበት ላይ ለምትሠሩትም ልትገቡበት ለምታስቡትም፣ ስለ ፓምፕ ምርጫ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። "የቱ ፓምፕ ነው የሚበረክተው" ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወይ የብራንድ ስም ነው ወይ ደግሞ "ግፊቱ ትልቅ የሆነውን ግዛ" ነው። እኔ ፓምፕ እየፈታሁ እየገጠምኩ ስሄድ ያመንኩበት ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ቀድሞ ሲሞት ብዙም አላየሁም፣ ቀድማ የምትሄደው ከውስጥ ያለችው ጎሚኒ ናት፣ ትንሿ ሞላ ናት፣ የቫልቯ መቀመጫ ናት። ስለዚህ አሁን ፓምፕ ስመርጥ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የማየው፣ ፈሳሹ የሚነካው እያንዳንዱ ነገር ከምን ተሠራ፣ ሲያልቅስ ፈትቼ መቀየር እችላለሁ ወይ። የሊትሩና የግፊቱ ነገር ከዛ በኋላ ይመጣል።

ለአዲሶች በአጭሩ ልበል። ጣሪያ በሃይ ፕሬሸር አይታጠብም። ሺንግል (ከአስፋልት የሚሠራው የጣሪያ ንጣፍ) ላይ ያለችው ደቃቅ ጠጠር ትረግፋለች፣ ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ቆርቆሮም ቢሆን ቀለሙ ይላጣል፣ ውሃው ደግሞ በመደራረቢያው ስር ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ሺንግል ላይ የምናየው ጥቁር መስመር ጥላሸት የሚመስላቸው አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ግሎኦካፕሳ ማግማ የምትባል ሳያኖባክቴሪያ ናት፣ ሕይወት ያላት ነገር ስለሆነች በግፊት ብታነሷት ተመልሳ ትመጣለች፣ መሞት አለባት። የሚገድላት በረኪና ነው፣ ማለትም ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ከትንሽ ሳሙና ጋር። አርማ የሚባለው የአሜሪካ የአስፋልት ሺንግል አምራቾች ማኅበር ራሱ የሚመክረው የልብስ በረኪናና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ መርጨት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዛ በዝቅተኛ ግፊት ማለቅለቅ ነው። በሙያ የሚሠሩት 10 ወይም 12.5 ፐርሰንት የሆነውን ገዝተው ነው የሚያቀጥኑት፣ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ ከ3 እስከ 6 ፐርሰንት አካባቢ ይሆናል።

ለዚህ ሥራ ከ4 እስከ 7 ባር ግፊት ይበቃል፣ ፕሬሸር ዋሸር ግን ከ100 ባር በላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ፓምፓችንን የሚፈትነው ግፊቱ አይደለም፣ ኬሚካሉ ነው።

ሃይፖክሎራይት ናስን ይበላል፣ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ተራ ብረትንማ አታንሱት። ስቴንለስ 316 ነው ተብሎ የሚሸጠውም እየቆየ በነጥብ በነጥብ ይበሳል። የሚችሉት ፕላስቲኮቹ ናቸው፣ ፒቪሲ፣ ኤችዲፒኢ፣ ካይናር፣ ቴፍሎን። ፖሊፕሮፒሊንም እኛ በምንጠቀመው ጥንካሬ በየቀኑ ከታጠበ ጥሩ ይሠራል። ከጎማ ወገን ቫይተን፣ ኢፒዲኤም እና ሳንቶፕሪን አሉ፣ ለሞላ ደግሞ ሃስቴሎይ ሲ የሚባለው የኒኬል ቅይጥ ወይም ታይታኒየም። ቡና ኤን የሚባለው ናይትራይል ጎማ ለዘይት ነው ጥሩነቱ፣ ለበረኪና አይሆንም። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ፓምፑ ላይ "ቫይተን" ተብሎ ተለጥፎ ቫይተኑ ቫልቮቹ ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፣ ዲያፍራሙ፣ ማለትም እየተጣጠፈ ፈሳሹን የሚስበውና የሚገፋው ስስ ሽፋን፣ ሌላ፣ መገናኛው ላይ ያለችው ኦሪንግ (ቀለበቷ ጎሚኒ) ደግሞ ጭራሽ ሌላ። ሻጩን የክፍሎቹን ዝርዝር ከነሥዕሉ ጠይቁት፣ ፈሳሹ የሚነካው እያንዳንዱ ነገር ከምን እንደተሠራ እዛ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ዝርዝሩ ከሌለው እኔ በበኩሌ አልገዛም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ሞተሩ ይዞራል፣ ፈሳሽ ግን አይስብም" ብሎ የሰጠኝን ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ሞተሩ ደህና ነው፣ በእጅ ሲዞር ኩሽኔታው ድምፅ እንኳን የለውም። ጭንቅላቱን ስከፍት ቫልቮቹ ዙሪያ ነጭ ጨው ጋግሯል፣ በረኪና ሲደርቅ የሚተወው ነው፣ ስትነኩት እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል። እሱ ከስር ስለገባ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ፓምፑ ደግሞ ቫልቩ ካልዘጋ መሳብ አይችልም። አንደኛዋ ኦሪንግ አብጣ ከቦታዋ ወጥታለች፣ በጣቴ ሳሻት ጥቁር ቀለም ለቀቀች፣ ፕሬሸር ስዊቹ (ግፊቱ ሲሞላ ሞተሩን የሚቆርጠው) ላይ ያለችው የናስ ብሎን አረንጓዴ ሆና ጥርሷ አልቋል። ጨውን አጥቤ ቫልቭና ኦሪንግ ስቀይርለት ፓምፑ ተነሳ። ማለት የፈለኩት፣ ሰውዬው አዲስ ፓምፕ ሊገዛ ነበር፣ የጠፋው ግን መዳፍ የማይሞላ ጎማ ነው።

ወደ ዓይነቶቹ ልግባ። ባለ 12 ቮልቱ ዲያፍራም ፓምፕ ለመጀመር ቀላሉ ነው፣ ባትሪና አንድ በርሜል በቂ ነው፣ በደቂቃ ከ19 እስከ 26 ሊትር ይሰጣል ተብሎ ይጻፋል። ያ ቁጥር ግን ጎማም (ፈሳሹ የሚሄድበት ቱቦ) ኖዝልም (የመርጫው ጫፍ) ሳይገጠምለት፣ ያለ ምንም ግፊት የሚሰጠው ነው። ብዙ ሰው "ፓምፑ ደካማ ነው" የሚለው እዚህ ጋ ነው፣ ሒሳቡን ስትሠሩት ግን ተጠያቂው ጎማው ሆኖ ይገኛል። 60 ሜትር ጎማ ውስጥ በደቂቃ 20 ሊትር ለማሳለፍ የውስጥ ስፋቱ ግማሽ ኢንች ከሆነ ሰበቃው ብቻ ወደ 3.8 ባር ይበላል፣ አምስት ስምንተኛ ኢንች ከሆነ 1.3 ባር አካባቢ፣ ሦስት አራተኛ ኢንች ከሆነ ግማሽ ባር ቢሆን ነው። ከፍታው ደግሞ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ገደማ ይወስዳል። 60 ፒኤስአይ ላይ የሚቆርጥ ፓምፕ 4.1 ባር ማለት ነው፣ እንግዲህ በግማሽ ኢንች ጎማ 7 ሜትር ከፍታ ላይ ያንን ሊትር እንዲያደርስ መጠበቅ አይቻልም፣ ጎማውና ከፍታው ብቻ ከ4.1 ባር ያልፋሉ። እና ሰው ባለ 100 ፒኤስአይ ይገዛል፣ እሱም በዛው ቀጭን ጎማ ሲታገል ሞተሩ ይግላል። ጎማውን ማስፋት ፓምፑን ከማሳደግ ይሻላል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል፣ በእርግጥ ወፍራም ጎማ ይከብዳል፣ መሰላል ላይ ሆኖ ለሚጎትተው ሰው ቀላል አይደለም።

ሽቦውም እንደዛው ነው። ፓምፑ 20 አምፒር ሲስብ፣ ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ ከተቀመጠና ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ስለሆነ ከ2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ከግማሽ ቮልት ትንሽ ያለፈ ቢጠፋ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ያዘግማል፣ ሊትሩ ይቀንሳል፣ ሥራው ይረዝማል፣ አብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ እረፍት እንዲሠሩ አልተሠሩም። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ፓምፑ ከበርሜሉ ግርጌ ዝቅ ብሎ፣ መሳቢያው ላይ ፊልትሮ፣ መሳቢያ ጎማው ከፓምፑ አፍ ያልጠበበና ሲሳብ የማይጨመደድ። መሳቢያው ላይ ትንሽ አየር ከገባ ሳሙናው አረፋ ይሆንና ፓምፑ አረፋ ሲያኝክ ይውላል።

ባለ 12 ቮልቱን የሚጎዳው ሌላው ነገር ፕሬሸር ስዊቹ ነው። ኖዝሉ ከፓምፑ ሊትር ያነሰ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል ይቀጥላል፣ ታክ ታክ ታክ የሚለው ድምፅ እሱ ነው፣ በተነሳ ቁጥር ሞተሩ ትልቅ ከረንት ይስባል፣ የስዊቹ መነካኪያ ይቃጠላል። መፍትሔው ወይ ግፊት የሚያጠራቅም ትንሽ አኩሙሌተር ታንክ መግጠም ነው፣ ወይ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንስ ኮንትሮለር፣ ወይ ደግሞ ትርፉን ወደ በርሜሉ የሚመልስ ባይፓስ ያለውን መምረጥ። ስዊቹን ቆርጠው በቀጥታ የሚያገናኙ አሉ፣ ባይፓስ ሳይኖር ይሄን አታድርጉ፣ ጠመንጃው (በእጅ የሚያዘው መርጫ) ሲዘጋ ፓምፑ መውጫ አጥቶ ወይ ጎማ ያፈነዳል ወይ ራሱን ያቃጥላል።

ከዛ የሄድኩት ወደ አየር ፓምፑ ነው፣ በአየር የሚሠራው ባለ ሁለት ዲያፍራም። ጂም ዊልደን በ1955 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ነው፣ መሠረቱ እስከዛሬ ያው ነው። ውስጡ የኤሌክትሪክ ሞተር የለም፣ አየር አንዱን ዲያፍራም ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ከዛ ይቀያየራሉ። እኔን ያሳመነኝ ጠመንጃው ሲዘጋ የሚያደርገው ነገር ነው፣ በሁለቱም በኩል ግፊቱ እኩል ይሆንና ዝም ብሎ ይቆማል፣ አይግልም፣ አይቆርጥ አይቀጥል፣ ስትከፍቱት ይቀጥላል። በርሜሉ አልቆ ደረቅ ቢሠራም ወዲያው አይሞትም። የሚያወጣው ግፊት ከሚገባው አየር አይበልጥም፣ ስለዚህ በሬጉሌተር፣ በአየር ግፊት ማስተካከያው፣ ብቻ ትቆጣጠሩታላችሁ። ገላው ፖሊፕሮፒሊን፣ ዲያፍራሙ ሳንቶፕሪን ወይም ቴፍሎን ሆኖ ታዙታላችሁ፣ መጠገኛ ኪቱም ለብቻው ይሸጣል፣ በአንድ ቁልፍና በአንድ ካቻቪቴ ይፈታል።

ዋጋ የሚያስከፍለው አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ነው። በደቂቃ 30 ሊትር በ6 ባር ለመግፋት በሒሳብ ብቻ 30 ሲባዛ በ7 (6ቱ ባር ላይ የከባቢ አየሩ 1 ባር ተጨምሮ)፣ ማለትም ቢያንስ 210 ሊትር ነፃ፣ ገና ያልታመቀ አየር በደቂቃ ያስፈልጋል፣ በተግባር ደግሞ ከዛ በደንብ ይበልጣል። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት ሳይሆን በዛ ግፊት በደቂቃ የሚሰጠውን አየር እዩ። ትንሽ ኮምፕሬሰር ከገዛችሁ ሳያርፍ ይሠራና ፓምፑ ሳይነካ እሱ ይሞታል። አየሩ እርጥብ ከሆነ መውጫው ላይ ሲሰፋ ስለሚቀዘቅዝ ማፍለሩ (የድምፅ ማፈኛው) በረዶ ይይዛል፣ ውሃ መለያ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ደግሞ በቡሎን ሲጨመቅ ቀስ እያለ ስለሚተኛ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ አልፎ አልፎ በተጻፈው ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) መልሳችሁ አጥብቋቸው። ከሁሉም በላይ የማልደራደርበት፣ ዲያፍራሙ ከተቀደደ በረኪናው በአየር መውጫው በኩል ነው የሚረጨው፣ ስለዚህ መውጫው ላይ ጎማ ቀጥላችሁ ሰው ወደማይቆምበት፣ ወደ ታች አዙሩት።

በቤንዚን ሞተር የሚነዳ ዲያፍራም ፓምፕም አለ፣ ለትልልቅ ሕንፃ ነው፣ ግፊቱ ከሁለቱም ይበልጣል። እሱን ብዙ አልሠራሁበትም፣ ግን ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ ጭንቅላቱ አሉሚኒየም የሆነው ብዙ ስለሆነ ፕላስቲክ ወይም ሽፋን ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዲያፍራሙ ጀርባ ያለው ዘይት ደግሞ ወተት ከመሰለ ዲያፍራሙ ተቀድዷል ማለት ነውና ወዲያው አጥፉት።

የቱንም ብትገዙ ማታ ሳይታጠብ ካደረ አይበረክትም። እኔ ሥራው ሲያልቅ መሳቢያውን ንጹህ ውሃ ውስጥ እከትና ሽታው እስኪጠፋ በጠመንጃው በኩል አስወጣለሁ፣ ያወጣሁትን ውሃ ደግሞ ተክል ላይ አላፈስም። በረኪናን አጥባለሁ ብላችሁ ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ በጭራሽ እንዳታስገቡ፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ይገድላል። ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ሃይፖክሎራይት ቆሞ ሲውል ኦክስጅን እየለቀቀ ይፈርሳል፣ ሙቀትና ብረት ያፋጥኑታል፣ ተራ ቦል ቫልቭ ሲዘጋ ሆዱ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ፈሳሽ ጋዝ ስትሆን መውጫ ስለሌላት ቫልቩን ልትሰነጥቀው ትችላለች፣ ለዚህ ሥራ ኳሷ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለውን ቫልቭ ነው መግጠም። ኮምፕሬሰሩንና ባትሪውን ከበርሜሉ አርቁ፣ ትነቱ ብቻውን ያዝጋቸዋል።

አሁን ያለሁበት እንግዲህ፣ ለትንሽ ቤት ባለ 12 ቮልቱን በሰፊ ጎማና በባይፓስ፣ ሙሉ ቀን ለሚወስድ ሥራ የአየር ፓምፑን ነው የምጭነው። ዲያፍራሙ ላይ ግን ገና አልወሰንኩም። ቴፍሎንን ኬሚካሉ ምንም አያደርገውም ግን ደረቅ ስለሆነ መታጠፍ ላይ ይቸገራል፣ ሲስብም ደካማ ነው፣ ሳንቶፕሪን ደግሞ መታጠፍ ላይ ጎበዝ ሆኖ ከጠንካራ በረኪና ጋር እየዋለ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው የማየው። አሁን ሳንቶፕሪኑን ገጥሜ የሠራበትን ሰዓት እየመዘገብኩ ነው። ቴፍሎኑን አስገብቶ ከልብ የሠራበት ካለ ስንት ሰዓት እንደቆየለትና በስንት ባር ይነዳው እንደነበር ይጻፍልኝ፣ እኔም የኔን ስፈታው ፎቶውን አንስቼ እለጥፍላችኋለሁ።