ኪኒን እየወሰድኩ የጠዋት ሙቀቴን ስለካ

በዚህ ወር የሙቀት ሠንጠረዤ ላይ አንድም ባዶ ቀን የለም። ደስ ብሎኛል፤ ልጽፍላችሁ የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ግን እኔና ባለቤቴ ልጅ እንፈልጋለን። የጠዋት ሙቀት ደግሞ እንቁላል መውጣቱን ይጠቁማል። ስለዚህ ኪኒኑን ሳላቆም እጄን ላፍታታ ብዬ መለካት ጀመርኩ። አለካኩ ቀላል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንደነቃሁ፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ውኃም ሳልቀምስ፣ ቴርሞሜትሩን ከምላሴ ሥር አድርጌ አፌን እዘጋለሁ። ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ያስፈልጋል። ሕፃን ይዛችሁ የምታድሩ እዚህ ላይ ትፈተናላችሁ። የፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድሬ ስመለስ የለካሁትን ከብቤ አለፍኩት፤ አልቆጥረውም።

ቴርሞሜትር ላይ ግን አልደራደርም። ሰፈራችን ፋርማሲ ያሉት ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ነው የሚያሳዩት። ለትኩሳት ይበቃል። እንቁላል ሲወጣ ግን ሙቀት የሚጨምረው ከ0.2 እስከ 0.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዚህች ለውጥ ሁለት አሃዝ የሚያሳይ ይሻላል። የእኔን የአክስቴ ልጅ ናት ከዱባይ ያመጣችልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። መስመሬ አይነሳም። 36.58፣ 36.61፣ 36.60 እያለ ይቀጥላል። ኪኒን ላይ ሆነው የሚለኩ ጓደኞቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ አንዷማ «መሃን ሆኜ ይሆን?» ብላ አልቅሳለች። አይደለም እህቴ! ኪኒኑ ሥራውን እየሠራ ነው። ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። እሱ በብዛት የሚመነጨው እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው። ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው ኪኒን ደግሞ እንቁላሉ እንዳይወጣ ያደርጋል። እንቁላል ካልወጣ መስመሩን ማን ያነሳዋል?

በፓኬቱ መጨረሻ ያሉት ቡናማ ኪኒኖች ላይ ስደርስ ሌላ ጉድ አለ። እነሱ ብረት እንጂ ሆርሞን የላቸውም። የኪኒኑ ሆርሞን ራሱ ሙቀትን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በዚያ ሳምንት የእኔ ወደ 36.43 አካባቢ ይወርዳል። አዲሱን ፓኬት ስጀምር ይመለሳል። ስልኬ ላይ የነበረው አፕ ይህን አይቶ «እንቁላል ወጥቷል» ብሎ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ ያሉትንም ቀናት «እርግዝና የማይፈጠርባቸው» አለልኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ይህን አምና ኪኒኑን የምትተው ሴት ብትኖርስ? ኪኒን ትወስጃለሽ ወይ ብሎ የማይጠይቅ አፕ ይጥፋ ባይ ነኝ። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በቡናማው ሳምንት የሚመጣው ደምም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ እንጂ ከእንቁላል መውጣት በኋላ የሚከተለው የወር አበባ አይደለም።

ኪኒን ረስታችሁ ቴርሞሜትር ላይ አትንጠልጠሉ። ሙቀት የሚጨምረው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው። የወንድ ዘር ደግሞ ማኅፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ቁጥሩ እስኪነግራችሁ አልፏል። ሁለትና ከዚያ በላይ በተከታታይ ካለፋችሁ ትዝ ሲላችሁ አንዱን ወዲያው ዋጡ፣ ቀሪውን በሰዓቱ ቀጥሉ። 7 ቀን ሳታቋርጡ እስክትውጡ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ። የቀረውን የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ባለቤቴ «ምንም ካላሳየሽ ምን ያደክምሻል?» ይለኛል። እውነት ለመናገር እኔም አንዳንድ ጠዋት ይሰለቸኛል። ግን ጉንፋን፣ ማምሸትና እንቅልፍ ማጣት ቁጥሬን ምን ያህል እንደሚያዛቡት አሁን አውቃለሁ። ኪኒኑን ሳቆም የምጠብቀው ከቀደሙት ስድስት ቀናት ሁሉ ከፍ ያሉ ሦስት ተከታታይ ጠዋቶችን ነው። ያኔ አንድ ቀን ብቻ ከፍ ስላለ አልደነግጥም።

የሦስት ወሩን መርፌ የምትወስዱ ግን የእኔን ጊዜ አትከተሉ። ከመርፌ በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መወጋት ጀምሮ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ከኪኒን በኋላ ግን የማርገዝ አቅም ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ ለመውለድ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ።