ኪሴ ሙሉ፣ እጄ ባዶ፦ ስቶክሆልም

የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ስዊድን ብገባ ስንት ዶላር ብይዝ ያቆመኛል?» አለኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

እኔ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። ጀርመን እንደኛው ጥሬ ብር ይወዳል፤ ዛሬም «ካርድ አንቀበልም» ብሎ የለጠፈ ዳቦ ቤት አይጠፋም። ባንኬ የሰጠኝ ካርድ ደግሞ ከጀርመን ከወጣ አይሠራም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ጓደኛዬን ልጠይቅ ስሄድ ዩሮዬን በክሮና መንዝሬ፣ ኪሴን ወጥሬ፣ ኮራ ብዬ ነበር።

አሮጌውን ከተማ ጋምላ ስታንን ዞርን። አንዲት የደረጃ መንገድ አለች፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቷ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ ወፈር ያለ ሰው ከፊት ከመጣ አንዳችሁ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጨለመብንና ቡና ቤት ገባን። ሒሳብ ሲመጣ እንደ ወጉ ቀድሜ ተነሥቼ 200 ክሮና ዘረጋሁ። ልጅቷ ፈገግ አለች፣ እጇን ግን አልዘረጋችም። ጓደኛዬ ስልኩን አስጠጋ፣ ጢው አለ፣ አለቀ። «በሞቴ» የለ፣ «እኔ እያለሁ?» የለ፣ እጅ መጠምዘዝ የለ!

ከዚያ በኋላ ሜትሮውንም ምሳውንም እሱ ከፈለ። ይሄን ሁሉ ቻልኩት፤ ሽንት ቤቱ ግን አንጀቴን በላው። በሩ ካርድ ካልነካው አይከፈትም። የልጆች አባት የሆንኩ ሰውዬ፣ ኪሴ ሙሉ ብር፣ እግሬን አቆላልፌ «ኧረ ቶሎ በልልኝ» እያልኩ ጓደኛዬን ስለምን፣ ከኋላችን የተሰለፉት ስዊድኖች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ትንፍሽ የሚል የለም። ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል። አገር ቤት ቢሆን ቢያንስ አንዱ ስቆ ይገላግለኝ ነበር።

ቫሳ የሚባለውን የጦር መርከብም አየን። በፈረንጆቹ 1628 የመጀመሪያ ጉዞውን በጀመረበት ቀን 1300 ሜትር ያህል ሄዶ ሰጠመ፤ ላዩ ከብዶት ነው። በ1961 ከባሕር አውጥተው ኋላ ሙዚየም ሠሩለት፣ ይኸው ውርደታቸውን በቲኬት ያሳያሉ። እኛ ብንሆን መርከቡ እንዳልሰጠመ መግለጫ እናወጣ ነበር። የገረመኝ ሌላው ነገር፣ በአውሮፓ የባንክ ወረቀት ገንዘብ መጀመሪያ የወጣው እዚሁ ስቶክሆልም ነው፣ በ1661። ዛሬ ያንኑ ወረቀት ይዘህ ስትመጣ እንደ ሐሰተኛ ያዩሃል። ጎዳና ላይ መጽሔት የሚሸጠው ቤት አልባ ሰውዬ እንኳ ሳንቲም ልሰጠው ስል የካርድ ማሽኑን አወጣልኝ። እሁድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ የስልክ መክፈያ ቁጥር ተለጥፎ አገኘሁ። ስዊሽ ይሉታል። እሱን ለመጠቀም የአገሩ ባንክ ያስፈልጋል፤ ባንኩ ደግሞ የነዋሪነት ቁጥርህን ይጠይቃል።

እንግዲህ ለመምጣት ያሰባችሁ ይሄን ስሙ። እዚያ አገር ቁጥር ከሌለህ ብርህም ብር አይደለም። ጓደኛዬ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ በጠበቀባቸው ዓመታት የሰው ካርድ ጥገኛ ነበር። ምግቡን ራሱ ለሚያበስል ብቸኛ ጥገኝነት ጠያቂ የሚሰጠው በቀን 71 ክሮና ነው፤ የሜትሮ አንድ ትኬት ብቻ ከ40 ክሮና ያልፋል። ጣሊያን አሻራ ሰጥተህ ከሆነ ደግሞ ወደዚያው ሊመልሱህ ይችላሉ። ደላላው ይሄን አይነግራችሁም፤ እሱ ራሱ የሚቀበላችሁ በጥሬው ነው።

ክሮናዬን ምን አደረግኩት? ስወጣ ጓደኛዬ እንዳያየኝ ለልጁ እጅ ላይ አስጨበጥኩት። አውሮፕላን ማረፊያ ሳልደርስ ደወለ። «አንተ ሰው፣ ምን በደልኩህ? አሁን ይሄን ባንክ ይዤ ብሄድ ከየት አመጣኸው ብለው ሊያፋጥጡኝ ነው!»