እግዚአብሔር ልጄን አተረፈልኝ፤ ስእለቴን ግን ዋጋ አልለውም

በጉባኤ ፊት ቆሜ ለመመስከር ድፍረቱ የለኝም፤ ዝም ማለት ደግሞ ውለታ መብላት ይሆንብኛል። ልጄ ያለ ጊዜዋ በ29ኛው ሳምንት ተወለደች፤ ክብደቷ አንድ ኪሎ ከ100 ግራም ነበር። ዛሬ ደረጃ ስትወጣ «እኔ ራሴ!» ብላ እጄን ትገፋለች።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎሉ ገና ስላልበሰለ መተንፈስ ይረሳል። ልጄም ደኅና ተኝታ ሳለች ትንፋሿ በድንገት ቀጥ ይላል። ትንፋሿን የሚከታተለው መሣሪያ ይጮኻል፤ ነርሷ የተኛችበትን የመስታወት ማሞቂያ መስኮት ከፍታ ውስጥ እግሯን በጣቷ ታሻሻለች፤ ልጅቱ እፎይ ትላለች፤ ቀለሟም ይመለሳል። ለዚህ የሚሰጣት መድኃኒት በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ነበር። ወተቴ በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

አንድ ሌሊት መሣሪያው ደጋግሞ ሲጮኽ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ብታተርፍልኝ፣ በዚህ ክፍል ደጃፍ ከሚያድሩ እናቶች ጋር በየሳምንቱ አንድ ሌሊት አድራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ከንፈሬ እንጂ ድምፄ አልወጣም። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናም ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ እስኪገሥጻት ድረስ እንዲሁ ነበር የጸለየችው። ሲነጋ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ዝም አለ። በኦሪት ዘኍልቍ 30 ሕግ ባል የሚስቱን ስእለት ሰምቶ ዝም ካለ ዝምታው እንደ ማጽናት ይቆጠራል፤ እኔም እንደዚያ ወሰድኩት። (በኋላ ስጠይቀው ግን እንቅልፍ ወስዶት ኖሯል።)

ከተሳልኩ በኋላ ባሰባት። በደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን ተገኘ። ያን ጊዜ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ ያቀረብኩት አንሶ ይሆን? ልጨምርበት? ዮፍታሔ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት 11 እንደምናነበው፣ የእግዚአብሔር መንፈስ አስቀድሞ ወርዶበት ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከቤቱ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለውን ሊሠዋ ተሳለ፤ የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። ያዕቆብ ግን በቤቴል ሲሳል «ከአንተ ጋር ነኝ» የሚለውን ቃል ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ስእለቱ ለተስፋው የሰጠው ምላሽ ነበር እንጂ ተስፋውን የገዛበት አልነበረም። ይህ ሲገባኝ ጨረታውን ተውኩት። «የተናገርኩትን እጠብቃለሁ፤ ልጅቱ ግን የአንተ ናት» ብዬ ተቀመጥኩ።

ኢንፌክሽኑ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ሐኪሞቹ ሌት ተቀን ደክመውባታል፤ ይህን መናገር ከእግዚአብሔር ክብር አንዳች አይቀንስም። ነርሷ ከማሞቂያው አውጥታ በባዶ ደረቴ ላይ ያስተኛቻት ቀን፣ በመሣሪያው ላይ ሲዋዥቅ የነበረው ቁጥር እየረጋ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ።

ከጎኔ የነበረችው እናት ከእኔ ይልቅ ጸልያለች፤ ከእኔ የከበደ ስእለትም ተስላ ነበር። ልጇ አልተረፈም። ስለዚህ «ተሳልኩ፣ ሰመረልኝ» ብዬ መመስከር አልችልም፤ እንዲህ ብል በእርሷ ላይ መፍረድ ይሆንብኛል። እግዚአብሔር ስለ ምሕረቱ ልጄን አትርፎልኛል፤ ስሙ ይመስገን። የእርሷ ለምን እንዳልተረፈ ግን የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም፤ አስረዳሻለሁ የሚለኝንም አልወድም።

ታዲያ ስእለት ምን ይጠቅማል? ይህን ያወቅሁት ቤት ከገባን በኋላ ነው። ደስታ ያስረሳል። ልጅቱ ወፈር ስትልና ሳቅ ስትለምድ ያ ኮሪደር ከልቤ እየራቀ ሄደ። ተራዬ ሲደርስ «ከቤት ሆኖስ መጸለይ አይቻልም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ዝናብም ይዘንባል፤ ራስም ያማል። ቃል ባልገባ ኖሮ አልሄድም ነበር። በጭንቅ ሌሊት የተሳለችው እናት በምቾት ጊዜ የምትተኛዋን እናት እየቀሰቀሰች ታስወጣታለች።

እናቶቹ «ምን ተስለሽ ነው የተረፈችልሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። ተሳሉ ብዬ አንዷንም አልመክርም። ኦሪት ዘዳግም 23 ያልተሳለ ሰው ኃጢአት የለበትም ይላል፤ መክብብ 5 ደግሞ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል። ካልተሳልኩ የምትለኝን ግን ሁለት ነገር እላታለሁ፤ በሰላም ጊዜም ልትሸከሚው የምትችዪው ይሁን፤ ዕዳው በልጁ ጫንቃ ላይ አይውደቅ። ሐና ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ሰጥታለች፤ በየዓመቱም ትንሽ ቀሚስ እየሠራች ትወስድለት ነበር። እኔ የሐና ልብ የለኝም።

ልጇን ያጣችው እናት አሁን አንዳንድ ሌሊት አብራኝ ታድራለች። ምንም ስእለት የለባትም። እናቶቹም ብዙውን ጊዜ የሚያዋሩት እርሷን ነው።