የፊተኛው አልጋ ዶፍ አልፎበት ደርቆ ደረሰ

ሰሞኑን ከሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ስንመለስ ኢንተርስቴት 66 ላይ የያዘን ዶፍ እስከ ቤታችን ደጃፍ አልለቀቀንም። እንደደረስን ልብስ ሳልቀይር ተጎታች ቤቱን ከፍቼ ገባሁና የፊተኛውን አልጋ ፍራሽ አነሳሁ። ከሥሩ ያለው እንጨት ደረቅ ነው። ማዕዘኖቹን በመዳፌ ዳበስኳቸው፤ እነሱም ደረቅ ናቸው። የእኔን ዓይነት ትሬለር ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ለማያውቁት ባጭሩ፣ ሃይብሪድ ትሬለር ማለት ግድግዳውና ጣሪያው እንደማንኛውም ተጎታች ቤት ጠንካራ ሆኖ፣ አልጋዎቹ ግን ከፊትና ከኋላ ወደ ውጭ ተዘርግተው በሸራ የሚሸፈኑበት ነው። በመንገድ ላይ አጭርና ቀላል ነው፣ ሲዘረጋ ቤተሰብ ያሳድራል። እኛ አምስት ነን፤ የምንጎትትበት ቶዮታ ሃይላንደር አቅሙ 5,000 ፓውንድ ነው። በዚህ አቅም አምስት ሰው አስተኝቶ መታጠቢያ ቤትም ያለው፣ ግድግዳው በሙሉ ጠንካራ የሆነ ትሬለር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሃይብሪድ ገዛን፤ በምርጫችን እስከ ዛሬ ደስተኞች ነን።

የመጀመሪያውን ጊዜ በዝርዝር አልተርከውም፤ ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እመክራለሁ፦ በሻጩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ባዶ ክብደት አትመኑ። ውሃ፣ ባትሪ፣ ጋዝ፣ ድስትና ብርድ ልብስ አይቆጠርበትም። አንድ ጋሎን ውሃ ብቻውን ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ 30 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ሞልቶ መነሳት ማለት ወደ 250 ፓውንድ መጨመር ማለት ነው። ጓዛችሁን ሁሉ ጭናችሁ የጭነት መኪኖች በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አስመዝኑ። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ትሬለሩ በፍጥነት መንገድ ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። የጎማ ኩሽኔታዎችን በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቶ አጥቦ በአዲስ ግሪስ መሙላት፣ ጎማ በተፈታ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ፣ ይህን ማንም መካኒክ ያስተምራችኋል።

ውሃን ግን ማንም አያስተምራችሁም።

የእኛ ችግር ከፊተኛው አልጋ ነበር። መዝጊያው ሲዘረጋ የአልጋው ወለል፣ ሲታጠፍ ደግሞ የቤቱ የፊት ግድግዳ ይሆናል። ዝናብ ውስጥ ተጉዘን በደረስን ቁጥር የፍራሹ ጠርዝ ይረጥባል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሸራውን በመውቀስ ነው። ሸራው በጉዞ ላይ ተጣጥፎ ውስጥ ነው፤ ዝናብ አያገኘውም። በሌላ በኩል በቀዝቃዛ ሌሊት የፍራሹ ሥር ረጥቦ ማደሩ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል። የተኛው ሰው እስትንፋስና ላብ ከሥር የቀዘቀዘውን እንጨት ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ማንጠፍና ብርድም ቢሆን የሸራውን መስኮት ጥቂት ከፍቶ ማደር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ እርጥበቱ የሚመጣው ተጉዘን ነው ወይስ አድረን? የእኛ ማንም ሳይተኛበት፣ በጉዞ ላይ ነበር የሚመጣው። ይህን መለየት ብቻ የሥራው ግማሽ ነው።

ከዚያ የገዛሁት መሣሪያ እስካሁን ከያዝኳቸው ሁሉ የምወደው ሆኗል፦ ሁለት መርፌ ያለው የእንጨት እርጥበት መለኪያ። ከመዳፍ አይበልጥም፣ ውድም አይደለም። መርፌዎቹን እንጨቱ ላይ ስትተክሉ በመቶኛ ያነብላችኋል። ደረቅ እንጨት ከ15 በመቶ በታች ነው፤ ከ20 በላይ ሲዘልቅና ሲቆይ መበስበስ ይጀምራል። የእኛ የግራ ማዕዘን 28 አነበበ። ዓይን ምንም አያይም ነበር፤ ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። ቀስ እያልኩ በየመዳፉ ርቀት ስለካ ቁጥሩ ወዴት እየጨመረ እንደሚሄድ ታየኝ። ውሃ በገባበት አይታይም፣ ሮጦ በሌላ ቦታ ይወጣል። የፍራሹ ጠርዝ የሚረጥበው ከመሃሉ ሲሆን መለኪያው ግን ወደ ታችኛው ማዕዘን ይመራኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ፍተሻ በሁለት ቀላል ነገሮች ነው፤ በአንድ ዶላር ኖትና በጠመኔ። መዝጊያው ዙሪያውን በማሸጊያ ጎማ ላይ ያርፋል። ኖቱን በመዝጊያውና በጎማው መካከል አድርጋችሁ ዝጉና መቀርቀሪያውን አጥብቃችሁ ሳቡት። ቢያስቸግር ጎማው ሥራውን እየሠራ ነው። እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ከወጣ ግን እዚያ ቦታ ላይ ማሸጊያ የለም ማለት ነው። ጠመኔው ደግሞ ሙሉ ሥዕሉን ይሰጣል። ጎማውን ዙሪያውን በጠመኔ ቀብታችሁ መዝጊያውን ዝጉና መልሳችሁ ክፈቱ፤ በመዝጊያው ላይ ነጭ መስመር ያልታተመበት ቦታ ሁሉ ክፍት ነው። የእኛው መስመር ከላይ መሃል ላይ ሳሳ ብሎ፣ በሁለቱ የታች ማዕዘኖች ጭራሽ ተቋርጦ ነበር። መኪናው በሰዓት 60 ማይል ሲሄድ የኋላ ጎማዎቹ የሚረጩት ውሃ የሚያርፈው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው።

የመጨረሻውን ማረጋገጫ ያገኘሁት በአየር ነው። ጋዙን ዘግቼ፣ የማሞቂያውንና የምድጃውን የአየር መውጫ በቴፕ አሽጌ፣ የጣሪያውን ማናፈሻ በካርቶን ሸፈንኩና በካርቶኑ ቀዳዳ በኩል የቅጠል መንፊያ ማሽኑን በዝቅተኛ ኃይል አስገባሁ። ቤቱ በአየር ተሞልቶ ትንሽ ሲወጠር ባለቤቴ ከውጭ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተበጠበጠበትን ውሃ በመርጫ እየረጨች ዞረች። «እዚህ ጋ ና!» ብላ ጠራችኝ። በግራው ማዕዘን፣ ከማጠፊያው የመጨረሻ ቪቴ ሥር፣ አረፋው እየተነፋ እየፈነዳ ነበር። ከጎማው ሌላ ቪቴዎቹም ውሃ ያስገቡ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው። ይህን ያህል ጊዜ የተደበቀ ነገር ፊት ለፊት ሲታይ የሚሰጠው እርካታ ልዩ ነው።

ጥገናው ራሱ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። የማጠፊያውን ቪቴዎች አወጣሁ፤ ከሥር የነበረው የድሮ ቴፕ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰባበራል። በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቄ አጽድቼ አዲስ የቡቲል ቴፕ (እንደ ማስቲካ ለስላሳ ሆኖ የሚጣበቅ የማሸጊያ ቴፕ) አነጠፍኩና መልሼ አሰርኩ። ቡቲል ቀስ እያለ ስለሚጨመቅ በማግስቱ ቪቴዎቹን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚዘልል ሰው በክረምቱ መጨረሻ መልሶ ያገኘዋል። ማሸጊያ ጎማውን ስትቀይሩ የምትገዙትን ከአሮጌው ጋር አታመሳክሩ፤ አሮጌው ተጨፍልቋል። በመዝጊያውና በቋሚው መካከል ያለውን ክፍተት ለኩና ሲዘጋ ሲሶውን ያህል የሚጨመቅ ውፍረት ምረጡ። ከዚያ የወፈረ ከሆነ መዝጊያው ይቆለመማል፣ መቀርቀሪያውም ይነቀላል። ስትለጥፉት ደግሞ ፈጽሞ አትሳቡት። የተሳበ ጎማ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ሲመለስ ማዕዘኑን ይከፍታል። መጋጠሚያውን እኔ በታችኛው ጎን መሃል ላይ አደረግኩት፤ ማዕዘን ላይ አይጋጠም። እንጨቱን ለማድረቅ በማራገቢያና በእርጥበት መሳቢያ ማሽን ብዙ ሳምንታት ወስዷል። ዛሬ መለኪያው 13 ያነባል።

አሁን ስለ ሲልከን፣ ክፍተት ላይ ተቀብቶ እንደ ጎማ ስለሚደርቀው ማሸጊያ። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት በማዕዘኖቹ ሁሉ ላይ ሲልከን ደራርቦ ቀብቶ ነበር፤ ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ እሱን መፋቅ ነው። ሲልከን በትሬለር ውጫዊ ገጽ ላይ ቦታ የለውም። አንድ ጊዜ ከተቀባ ሌላ ማሸጊያ አይይዝበትም፤ አዲስ ሲልከን እንኳ በአሮጌው ላይ በደንብ አይጣበቅም። የሚታየውን ቀዳዳ ሸፍኖ ውሃውን ውስጥ ያስቀርና እንጨቱን በድብቅ ያበሰብሳል። ጣሪያው ላይ ለጎማ ጣሪያ የተሠራውን ሲፈስ በራሱ የሚደላደል ማሸጊያ፣ ከብረትና ከፕላስቲክ ሥር ደግሞ ቡቲል ተጠቀሙ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እስከ ጠዋት እከራከራለሁ።

ሸራውን በሚመለከት አቋሜ አጭር ነው፦ እርጥቡን አጣጥፋችሁ ከመጣችሁ በነጋታው፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ቀን፣ ክፈቱት። ሻጋታ አይጠብቅም። እኛ የመኪና ማቆሚያችን ጠባብ ስለሆነ የፊቱን ዘርግቼ አድርቄ፣ አጥፌ፣ ከዚያ የኋላውን እዘረጋለሁ። አልደብቅም፣ ከሥራው ሁሉ የማልወደው ይህንን ነው፤ እሑድ ማታ ደክሞ መጥቶ ሸራ መዘርጋት። ግን ነጭ ማጽጃ አስነክቶ የተበላሸ ሸራ ስላየሁ አማራጩን አልፈልግም። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያም ውሃ የሚከላከል ርጭት፣ በቂ ነው።

ካሻሻልኳቸው ነገሮች ዋናው ባትሪው ነው። የሊድ ባትሪውን በ100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ቀየርኩት። የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ሊቲየሙ ግን ሙሉውን ማለት ይቻላል ይሰጣል፣ ወደ 1,280 ዋት ሰዓት። ከባትሪው ጋር የትሬለሩን አሮጌ የባትሪ መሙያ ሣጥንም መቀየር ግድ ይላል፤ የድሮው መሙያ ሊቲየምን ሙሉ አያደርሰውም። ሌላው ጥንቃቄ፣ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ ሴልሲየስ በታች መሞላት የለበትም። በዚህ ምክንያት ከውጭ ካለው ሣጥን አውጥቼ ከመመገቢያው መቀመጫ ሥር አስገባሁት። ማሞቂያው የሚነደው በጋዝ ቢሆንም ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይበላልና የጥቅምት ሸናንዶዋ ያለ ጥሩ ባትሪ አይሞከርም።

እንጀራ ለመጋገር ለምትፈልጉ ሒሳቡ ይህ ነው። የካምፑ መስመር 30 አምፒር በ120 ቮልት፣ ማለትም 3,600 ዋት ነው። ምጣዱ 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ የአየር ማቀዝቀዣውም ያንኑ ያህል፣ የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ሲሠራ ወደ 1,400። ሦስቱ አብረው ከበሩ ብሬከሩ ይዘላል። የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ስታዞሩት ግን ምጣዱና ማቀዝቀዣው ተስማምተው ይሠራሉ። ምጣዱን ከውጭ፣ ከትሬለሩ ጎን ከሚዘረጋው የጥላ ሸራ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ቡናም ከውጭ ይቆላ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮሁ ያልፋል፣ ሸራው የያዘው ጭስ ግን በቀላሉ አይለቅም።

መንገድን በሚመለከት፣ በሸናንዶዋ ወዳለው የቢግ ሜዶውስ ካምፕ በቶርንተን ጋፕ መግቢያ በኩል የምትገቡ ከሆነ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመት 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የእኛ አይነቱ ከነማቀዝቀዣው በሰላም ያልፋል፣ ግን የራሳችሁን ሳትለኩ አትሂዱ። ወደ የሎውስቶን የምታስቡ ደግሞ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ካምፕ በግሪዝሊ ድቦች ምክንያት ድንኳንም ሆነ የሸራ ትሬለር አይቀበልም። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት አልጋችሁ ሸራ መሆኑን ተናግራችሁ ጠይቁ። ባለቤቴ ለዚህ ብላ ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ወደሆነ ትሬለር እንድንሸጋገር አንሥታብኝ ነበር። ሌሊት ከሸራው ሥር ተኝቼ የጅረት ድምፅ ስሰማ ግን መለወጥ አልፈልግም።

ከመኸር በፊት የኋላውን መዝጊያ ጎማ በተመሳሳይ መንገድ እቀይራለሁ፤ የጠመኔው መስመር እዚያም መሳሳት ጀምሯል። ያልወሰንኩት ስለ ፊተኛው ሸራ ነው። ጣሪያው በሚታጠፍበት መስመር ላይ ተሰነጣጥቋል። ቴፕ ለጊዜው ይዞታል፣ ሁለተኛ ክረምት ግን አይወጣም። አዲስ ማዘዝ ወይስ ጀልባ ሸራ ከሚሰፋ ባለሙያ ዘንድ መውሰድ? ሸራውን ራሱ አውርዶ የቀየረ ሰው ካለ፣ በተለይ ከአሉሚኒየሙ ሐዲድ ላይ ሳይቀደድ እንዴት እንደሚወጣና የላስቲክ ገመዶቹን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደፈታ ይጻፍልኝ።