ከሁለቱ ጌጆች የታመነው

እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1965 ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ፣ ጃካስ ፍላትስ በሚባለው ሜዳ፣ የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ፌበስ 1ኤ የተባለውን የሮኬት የኑክሌር ሪአክተር ለሙከራ አስነሥተዋል። አሥር ደቂቃ ተኩል ያህል በ1,090 ሜጋዋት ሠራ። እክሉ የመጣው ከሪአክተሩ ሳይሆን በሃይድሮጂን ታንኩ ውስጥ የቀረውን መጠን ከሚያሳየው ጌጅ ነው።

በዚህ ሞተር ውስጥ የሚነድ እሳት የለም። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሃይድሮጂን በሪአክተሩ የዩራኒየም ነዳጅ መሀል ሲያልፍ ይግልና በሞተሩ አፍ ተወርውሮ ይወጣል፤ ሮኬቱን የሚገፋው እሱ ነው። ሪአክተሩን ከመቅለጥ የሚያድነውም ይኸው ሃይድሮጂን ነው። ሪአክተር ደግሞ ከጠፋ በኋላም ሙቀት ማመንጨቱን ወዲያው አያቆምም፤ ስለዚህ ለማብረጃ የሚሆን ሃይድሮጂን የግድ መትረፍ አለበት።

ጌጁ የሚሠራው ፈሳሹ ከፍ ዝቅ ሲል የሚለዋወጠውን የኤሌክትሪክ መያዝ አቅም በመለካት ነበር። በፈሳሽ ሃይድሮጂንና በጋዙ መካከል ያለው ልዩነት ድሮም ትንሽ ነው፤ የሪአክተሩ ጨረር ሲጨመርበት ንባቡ ተዛባ። አንዱ ጌጅ ታንኩ ሊያልቅ ነው አለ፣ ሌላው ሩብ ይቀራል አለ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበሩት ሩብ ያለውን አመኑ። ሁለት መለኪያ ሲለያይ መጠየቅ ያለበት የትኛው ልክ ነው ሳይሆን የትኛውን አምኖ መሳሳት ይብሳል የሚለው ነው። «ሊያልቅ ነው» ያለውን አምነው ቢያጠፉት ኖሮ የሚቀርባቸው ጥቂት የሙከራ ጊዜ ብቻ ነበር።

ሃይድሮጂኑ አለቀ። 2,000 ዲግሪ ገደማ የጋለው ሪአክተር የሚያበርደው አጣ፤ ከዩራኒየም ነዳጁ አንድ አምስተኛው ያህል ተተፍቶ ወጣ፣ ከቀረውም አብዛኛው ቀለጠ።

ጨረሩ እስኪቀንስ ስፍራው ስድስት ሳምንት ሰው ሳይደርስበት ቆየ። መጀመሪያ ግሬደር ምላጩ ላይ ጎማ ተገጥሞለት አፈሩን እንዲሰበስብ ተሞከረ፤ አልሆነም። ባለ 150 ኪሎዋት የአቧራ መምጠጫ መጣ። የሙከራ መደቡ ላይ የተበተነውን ስብርባሪ ሮቦት ይለቅም ጀመር፤ በጣም ስላዘገመ ሰዎች ገቡ። መከላከያ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ቁርጥራጩን በጉጠት አንሥቶ ጨረር በሚገታ የእርሳስ ብረት በተከበበ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላል፤ ቆርቆሮው የተቀመጠው ትናንሽ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ነው። የቀረው ተፋቀ፣ ተጠረገ፣ ታጠበ፣ አልያም ቀለም ተቀባበት። 400 ሰው ሁለት ወር ፈጀበት፤ 50,000 ዶላርም ወጣ። ሠራተኞቹ ያገኛቸው ጨረር በአማካይ 0.66 ሬም (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ ቢበዛ 3 ሬም ነበር፤ የላቦራቶሪው የዓመት ጣሪያ በወቅቱ 5 ሬም ነበር።

ተከታዩ ፌበስ 1ቢ በፌብሩዋሪ 1967 ከ1,250 ሜጋዋት በላይ ለ30 ደቂቃ ሠራ።